በፍልሰታ ጾም ለ23 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ የትኛውን ኢነርጂ ባር ልያዝ?

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በፍልሰታ ጾም ውስጥ በሚውለው ቅዳሜ ከአጥቢያችን ምእመናን ጋር ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ተነሥተን፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የተዘረጋውን የቺሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ይዘን እስከ ግሬት ፎልስ ድረስ በእግር ለመጓዝ ተቀጣጥረናል። ርቀቱ 14 ማይል፣ ማለትም 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከሞላ ጎደል ሜዳ ስለሆነ ዳገት አያስቸግረንም፤ ሆኖም በነሐሴ ሙቀት፣ ዕረፍቱን ጨምሮ፣ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጅብናል ብለን ገምተናል። ቀኑ ቅዳሜ በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለብንም፤ በመንገድ ላይ መብላት እንችላለን፤ የምንበላው ግን የጾም መሆን ይኖርበታል።

ባለፈው ዓመት በአሥር ማይል ጉዞ ላይ ከቁርስ በኋላ ምንም ሳልቀምስ ቆይቼ፣ ስምንተኛው ማይል ላይ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ መንገድ ዳር ተቀምጬ ነበር። ያን ዕለት አንዲት እህት ሦስት ፍሬ ተምር ሰጥታኝ ነው ቀስ በቀስ የተነሣሁት። ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም ብዬ ኢነርጂ ባር የሚባሉትን፣ ለስንቅ የሚያዙ የታሸጉ ጣፋጭ ቁራጮች፣ ለመግዛት ሱፐርማርኬት ሄድኩ፤ መደርደሪያው ፊት ግማሽ ሰዓት ቆሜ ግን መወሰን አቃተኝ። አንዱ 20 ግራም ፕሮቲን አለኝ ይላል፤ ሌላው ኃይል እሰጣለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ስኳር የለብኝም ይላል። ዋጋቸውም የአንዱ ከሌላው እጥፍ ይሆናል።

ለመንገድ የሚሻለው ፕሮቲን የበዛበት ነው ወይስ ካርቦሃይድሬት? ስንት ይበቃናል፣ በየስንት ሰዓቱስ እንብላ? ማሸጊያውን አይቼ የጾም መሆኑን በምን ልለይ? ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን አብራን የምትሄደው እናቴ ናት። ዕድሜዋ 64 ነው፤ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባት፤ ሜትፎርሚንና ግሊሜፒራይድ የሚባሉ ክኒኖች ትወስዳለች። ሰውነቷ ጠንካራ ነው፣ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትሄዳለች፤ ሰባት ሰዓት ግን ሄዳ አታውቅም። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከሮክቪል፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ባለፈው ዓመት የደረሰብዎት ነገር ከአቅም ማነስ ሳይሆን ሳይበሉ ከመቆየት የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ «የትኛውን?» ከሚለው በፊት «መቼ?» የሚለውን ቢያስቀድሙ ይጠቅምዎታል። እኔ ይህንኑ መንገድ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ድረስ፣ 184.5 ማይሉን በሙሉ፣ በ12 ቀን ተጉዤዋለሁ፤ በእነዚያ ቀናት የተማርኩት ዋናው ነገር ራበኝ እስክል ከጠበቅሁ መዘግየቴን ነው። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚያጠራቅመው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ተደምሮ 500 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ስንራመድ ከእሱም ከስብም እየተቀነሰ ይሄዳል፤ እሱ ሲመናመን ደግሞ እግር ይከብዳል፣ ሐሳብም ይበታተናል። እኔ ከተነሣሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ መብላት እጀምራለሁ፤ ከዚያ በየአርባ አምስት ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉርሻ ያህል እቀምሳለሁ፤ አንዱን ባር በአንድ ጊዜ አልጨርስም።

ፕሮቲንን በተመለከተ፣ 20 ግራም ያለው ባር መጥፎ ምግብ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ጡንቻ የሚፈልገው ካርቦሃይድሬት ሲሆን፣ ለረጅም እንቅስቃሴ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም የሚለው የተለመደ ምክር ነው፤ እንደ እርስዎ ላለ የሜዳ ጉዞ ዝቅተኛው ቁጥር በቂ ነው። ከሁለተኛው ሰዓት ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ድረስ በሰዓት 30 ግራም ቢይዙ 150 ግራም ይመጣል። ለምሳሌ ክሊፍ የሚባለው ባር 68 ግራም የሚመዝን ሲሆን 250 ካሎሪ ያህልና ከ40 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ሁለት እሱን፣ በላዩ ላይ አራት ትልልቅ ተምር ቢጨምሩ ሒሳቡ ይሞላል። ካይንድ የሚባለው በለውዝና በአልሞንድ የተሞላ በመሆኑ ስቡ ይበዛል፣ ኃይሉንም ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ ለሚሮጥ ሰው ሊከብድ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ግን ይስማማል። ላራባር ደግሞ መሠረቱ ተምርና ለውዝ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ አፍ ሲደርቅም ለማኘክ አያስቸግርም፤ ለእኔ በነሐሴ ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው።

ምርጫውን ከፊት ለፊቱ ጽሑፍ ሳይሆን ከጀርባው ሠንጠረዥ ይጀምሩ። የግብዓቶቹ ዝርዝር የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ማንበብ ብቻ ብዙ ይነግርዎታል። ለጾም እንዳይኖርበት ማረጋገጥ ያለብዎት ዌይ የሚለውን ቃል ነው፤ ይህ የእኛው አጓት ነው፤ በፕሮቲን ባሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው። ኬዝን የሚለውም የወተት ፕሮቲን ነው። አርኤክስ ባር ደግሞ የተሠራው በእንቁላል ነጭ ስለሆነ ወተት ባይኖርበትም ለጾም አይሆንም። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። በአሜሪካ ሕግ ወተትና እንቁላል አለርጂ ከሚያስነሡት ዘጠኝ ምግቦች ውስጥ ስለሚቆጠሩ በማሸጊያው ላይ በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከግብዓቶቹ ዝርዝር ሥር «ኮንቴይንስ» (ይዟል) ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያገኟቸዋል። «ሜይ ኮንቴይን» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ በዚያው ፋብሪካ ወተት ያለበት ነገርም ስለሚሠራ ሳይታሰብ ሊነካካ ይችላል ማለት እንጂ ወተት ገብቶበታል ማለት አይደለም። ስለዚህኛው ኅሊናዎ ከከበደዎት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ይህን ያህል በዝርዝር የምጽፈው እኔው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። በአንድ የሁዳዴ ጾም ፊቱ ላይ ቅጠል የተሳለበትና ከዕፅዋት የተገኘ ፕሮቲን እንዳለው የተጻፈበት ባር በካርቶን ገዝቼ፣ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው በላዩ ላይ የተቀባው ቸኮሌት የወተት ዱቄት እንዳለበት ያነበብኩት። ፕሮቲኑ በእርግጥ የአተር ነበር፤ ሽፋኑ ግን የወተት ነበር። ቸኮሌት ከነሐሴ ጋር እንደማይስማማም ልብ ይበሉ፤ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፣ በጀርባ የተሸከሙት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

መልስ፦ ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

ሰላም እህቴ። እኔ ነርስ ነኝ፤ በሥራዬም በብዛት የምከታተለው የስኳር ሕመምተኞችን ስለሆነ ስለ እናትዎ ብቻ ልጻፍ።

ከሁለቱ መድኃኒቶች ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው እምብዛም ነው። ግሊሜፒራይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው፤ ሰው ቢበላም ባይበላም ሥራውን ይሠራል። ሰባት ሰዓት የሚራመድ ጡንቻ ደግሞ በራሱ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ የደም ስኳር ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም በጉዞው ላይ ብቻ ሳይሆን ማታም፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ በዚያ ቀን የግሊሜፒራይዱ መጠን ይቀነስ ወይስ ባለበት ይሁን የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። በራሳቸው እንዳይቀንሱ፣ በራሳቸውም እንዳይተዉ። ጾሙንም ይንገሩት፤ ብዙ እናቶች ለሐኪም ጾም ላይ መሆናቸውን ሳይናገሩ ይወጣሉ፤ ይህ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ቢያውቅ መድኃኒቱን እንደ ጾሙ ሊያስተካክልላቸው ይችል ነበር።

ባር ሲመርጡላቸው ስኳር የለውም ከሚለው ይጠንቀቁ። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሻል ስለሚመስል ቤተሰብ ቶሎ የሚያነሣው እሱን ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚጣፍጡት ማልቲቶልና ሶርቢቶል በሚባሉ ነገሮች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሆድን ይነፋሉ፣ ብዙ ከተበላም ያስቀምጣሉ። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንገድ ላይ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። በዚያ ላይ በዚህ ቀን እናትዎ ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋቸዋል፤ የሚሻለው አጃና ለውዝ ያለበት፣ በአንድ ጊዜ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት እንዲያገኙበት ግማሽ ግማሹን እየተቆረጠ የሚበላ ባር ነው።

አንድ ነገር ግን ለይተው ይወቁ፦ ባር ስኳር እንዳይወርድ ለመከላከል ነው እንጂ ከወረደ በኋላ ለማከም አይሆንም። በውስጡ ያለው ስብ ስኳሩን ያዘገየዋል፤ ለወረደ ስኳር ደግሞ መዘግየት አደጋ ነው። እናትዎ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ፣ ላብ ቢያሰምጣቸው፣ ልባቸው ቢመታ፣ ወይም ሲያናግሯቸው መልሱ ግራ ቢሆንብዎት ወዲያው ያስቀምጧቸውና ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይስጧቸው፤ ይህም ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ክኒን ከሆነ አራት ፍሬ፣ ጭማቂ ከሆነ ግማሽ ኩባያ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳይሰጡ 911 ይደውሉ። ክኒኑ በእርስዎ ቦርሳ ሥር ሳይሆን በእሳቸው ኪስ ይሁን፤ እርስዎ ከፊት ቀድመው ሳለ እሳቸው ከኋላ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የደም ስኳር መለኪያውና ደም የሚነካበት ቁራጭ (ስትሪፑ) ፀሐይ ከመታቸው የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጡ ስለሚችሉ በጨርቅ ጠቅልለው መካከል ላይ ያድርጓቸው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልጄ፣ ሁሉም የጻፉት መልካም ነው፤ እኔ ግን በሶን ማንም ሳያነሣው በመቅረቱ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ ከመንዝ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ ሲመጣ ስንቁ በአቅማዳ የያዘው በሶ ነበር። ወንዝ ዳር ሲደርስ ከአቅማዳው ሁለት እፍኝ በቅሉ ውስጥ ያደርግና፣ ጨው ነስንሶ፣ ውኃ ጠብ እያደረገ በጣቶቹ ያሸዋል፤ ሲጨበጥ ቅርጹን ሲይዝለት ውኃውን ያቆማል። እኔም ልጅ ሆኜ የምጠብቀው ከቅሉ ጥግ የሚተርፈውን ነበር። ዛሬ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ባር ያው ተቆልቶ የተፈጨ እህል፣ የሚያጣፍጥና የሚያያይዝ ነገር ታክሎበት የተጨበጠ ነው። በሶ እዚሁ በሐበሻ ሱቆች ይገኛል፤ ገብሱ ቀድሞ ስለተቆላ እሳት አይፈልግም።

እኔ ለልጆቼ የማዘጋጀው እንዲህ ነው። 200 ግራም በሶ ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አደርግና በደረቁ በደንብ አሸዋለሁ። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ በማንኪያ እየጨመርኩ፣ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው አቆማለሁ። ውኃው ከበዛ ይላላል፣ ካነሰ ይፈረፈራል፤ ልኩን እጅ ራሱ ያውቀዋል። አሥር ቦታ ከፍዬ በጣቴ ርዝመት አድቦልቡዬ በሰም ወረቀት እጠቀልለዋለሁ። አንዱ ጭብጦ 130 ካሎሪና ከ20 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል ብላ የአመጋገብ ትምህርት የምትማረው ልጄ አስልታልኛለች። ውኃ ስለነካው በሙቀት አይቆይምና በዚያው ቀን መበላት አለበት፤ ማታ ሠርተሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሪውና ጠዋት ይዘሽው ውጪ። እናትሽም የሚያውቁትን ጣዕም ስለሚያገኙ ሳይለመኑ ይበሉታል።

ቆሎም ያዙ፣ ግን ለመቀመጫ ጊዜ። እየሄዱ፣ እየተነፈሱ ቆሎ መቆርጠም ትን ያስብላል፤ ለጥርስም ይከብዳል። ጨው ነካ ያለው ቢሆን ደግሞ መልካም ነው፤ ላብ የሚወስደውን ጨው ይመልሳል።

መልስ፦ ከሮክቪል፣ ሜሪላንድ

እናቴ፣ ስለ በሶው አመሰግናለሁ፤ እኔም አደግኩበት። ሆኖም በአንድ ነገር ልለይዎት። በሶ ውኃ ይጠጣል፤ አፍ በደረቀበት ሰዓት ያለ ውኃ ከጉሮሮ አይወርድም፣ ፋይበሩም ብዙ ስለሆነ ላልለመደ ሆድ በጉዞ ቀን ከባድ ይሆናል። ባር ደግሞ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፦ ምን ያህል እንደበሉ ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል፣ ሳይበላሽም ለወራት ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ቁጥር ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም መያዝ እንጂ አንዱን በአንዱ መተካት አልመክርም። የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ በአጭር ጉዞ ላይ መሞከር አለበት፤ አዲስ ምግብ በጉዞው ዕለት አይጀመርም።

ስለ ውኃ አንድ ልጨምር። በዚህ መንገድ ላይ ውኃ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ እያንዳንዱ ሰው ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃውን ይዞ ይነሣ። በጥም ልክ፣ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ። ያለ ምንም ጨው ብዙ ውኃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥነዋል፤ ምልክቱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሆነ ሰው የውኃ ጥም መስሎት የባሰውን ይጠጣል።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት የእናቴን ሐኪም አነጋግረናል። በጉዞው ቀን የምትወስደውን የግሊሜፒራይድ መጠን ወስኖ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶናል፤ ከመነሣታችን በፊት፣ በየሁለት ሰዓቱና ማታ ከመተኛቷ በፊት እንድትለካም አዝዟል። ጾም ላይ መሆኗን ስነግረው «ይህን ቀድሞ ማንም አልነገረኝም» አለ፤ እናቴም አንገቷን ደፋች።

ትናንት ደግሞ ለሙከራ በማውንት ቨርነን መንገድ ላይ ለሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዝን። ከገዛኋቸው ስድስት ባሮች ሁለቱን አጓት ስላገኘሁባቸው፣ አንዱን ማልቲቶል ስላለበት ቀድሜ ለይቼ ነበር። ከቀሩት ሦስት መካከል እናቴ አንዱን ነክሳ «ይህስ ጥርስ ያወልቃል» ብላ መለሰችልኝ፤ የተምሩን ግን ግማሹን በልታ ወደደችው። ጭብጦውን በሲልቨር ስፕሪንግዋ እናታችን አሠራር ሠራሁት፤ በመጀመሪያው ውኃ በዝቶብኝ ስለላላ እንደገና በሶ ጨመርኩበት። ከተነሣን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ እናቴ አንድ ጭብጦ በላች፤ ከመነሣታችን በፊት 142 የነበረው ስኳሯ ስንጨርስ 118 ሆነ። እኔም በየአርባ አምስት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየበላሁ ስለሄድኩ ቤት ስደርስ እንደ ድሮው ሶፋው ላይ አልወደቅሁም።

ለቅዳሜ የያዝነው እንግዲህ ለእኔ ሁለት የአጃ ባርና አራት ተምር፣ ለእናቴ አምስት ጭብጦና ሁለት የተምር ባር ነው፤ ለሁለታችንም ለምሳ ዕረፍት የሚሆን ጨው ነካ ያለ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አለ። የግሉኮስ ክኒኑን በቀሚሷ ኪስ አድርጌ በመርፌ ቁልፍ ዘግቼላታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ ጭብጦውን በበረዶ ከረጢት ላይ ባደርገው ይደርቅብኛል ወይስ ደኅና ነው? የሞከራችሁት ካላችሁ እስከ ዓርብ ማታ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልጄ፣ በረዶው ላይ በቀጥታ ካረፈ ይጠነክራል፣ ሲነከስም ይፈረፈራል። በሰም ወረቀት ከጠቀለልሽው በኋላ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርጊውና ከበረዶው ከረጢት በላይ አስቀምጪው። ከመብላታችሁ አሥር ደቂቃ ቀደም ብለሽ አውጪው፤ ይለሰልሳል። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ፤ እናትሽን ሰላም በይልኝ።